የግሪክ ትራጄዲን እንዴት እናንብብ? «ንጉሥ ኦዲፐስ»ን ይዘን ደረጃ በደረጃ

ስለ ግሪክ ትራጄዲ በክፍል ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «የጀግናው ጉድለት ምንድን ነው?» ተማሪው ተውኔቱን ይገልጣል፣ ኦዲፐስ ቶሎ የሚቆጣ ሰው መሆኑን ያያል፣ «ጉድለቱ ቁጣና ትዕቢት ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ማርኩንም ያገኛል። ተውኔቱን ግን አላነበበውም። አንድ ሰው ቁጡ በመሆኑ ብቻ አባቱን ገድሎ እናቱን አገባ የሚል ታሪክ ማንንም አያስፈራም፤ አያሳዝንምም።

እዚህ የምንሄደው በሌላ መንገድ ነው። ጉድለት ከመፈለግ ይልቅ እውቀትን እንከታተላለን። ማን ምን ያውቃል? መቼ አወቀ? ሳያውቅ ምን አደረገ? ካወቀ በኋላስ? መለማመጃችን የአቴንሱ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ429 ገደማ ለመድረክ እንዳበቃው የሚገመተው «ንጉሥ ኦዲፐስ» ነው። 1530 ስንኞች አሉት፤ በአንድ ከሰዓት ተነቦ ያልቃል። ስታነቡ በዳሩ የግሪክኛው የስንኝ ቁጥር የተጻፈበትን እትም ምረጡ። ትርጉሞች በቃላት ይለያያሉ፤ ቁጥሩ ካለ ግን የትኛውንም ቦታ ወዲያው ታገኛላችሁ። ወረቀትና እርሳስም አዘጋጁ።

ደረጃ 1፦ መጨረሻውን አስቀድማችሁ እወቁ

«ታሪኩን አትንገሩኝ፣ ይበላሽብኛል» የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። አቴንስ ውስጥ ተውኔቱን ሊያይ የተቀመጠው ሰው የኦዲፐስን ዕጣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገ ነው። በሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን የሚቆም ምእመን ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ማወቁ ግን እንባውን አያስቀርበትም። የግሪኩም ተመልካች እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ መጋረጃ ሳይገለጥ የሆነውን እንወቅ። የቴብስ ንጉሥ ላይዮስ ከገዛ ልጁ እጅ እንደሚሞት ትንቢት ደረሰው። ከሚስቱ ከዮካስታ ወንድ ልጅ ሲወለድ ሕፃኑ ቁርጭምጭሚቶቹ ተበስተው ታሰሩ፤ ኪቴሮን ተራራ ላይ እንዲጣልም ለአንድ እረኛ ተሰጠ። እረኛው አንጀቱ አልችል አለና ሕፃኑን ለቆሮንቶስ እረኛ አሳልፎ ሰጠው። ልጅ ያልነበራቸው የቆሮንቶስ ንጉሥ ፖሊቦስና ሚስቱ ሜሮፔ እንደ ወለዱት አድርገው አሳደጉት። ልጁ ጎልማሳ ሲሆን በአንድ ግብዣ ላይ የሰከረ ሰው «የአባትህ ልጅ አይደለህም» አለው። ነገሩ ከነከነውና ዴልፊ ወደሚገኘው የአፖሎ መቅደስ ሄዶ ጠየቀ። አምላኩ የጠየቀውን ትቶ ያልጠየቀውን ነገረው፤ አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህንም ታገባለህ። ኦዲፐስ ይህ እንዳይደርስ ወደ ቆሮንቶስ ላለመመለስ ወስኖ ሸሸ። ሦስት መንገዶች ከሚገናኙበት ቦታ ላይ በሠረገላ ከሚሄድ ሽማግሌ ጋር ተጣላና ገደለው። ቴብስ ደርሶ ሕዝቡን ታስጨንቅ የነበረችውን የስፊንክስን፣ የአስፈሪዋን ፍጡር፣ እንቆቅልሽ ፈታ፣ ከተማዪቱንም ከመከራዋ አወጣ። ሽልማቱ ዙፋኑና ንጉሡ የሞተባት ንግሥት ሆኑ።

ይህ ሁሉ የሆነው ከመጀመሪያው ስንኝ በፊት ነው። ተውኔቱ የሚያሳየን አንድ ቀን ብቻ ነው። ወንጀሉ ከተፈጸመ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረው ማወቅ ነው። ሶፎክልስ ታሪኩን የጀመረበትን ቦታ ካስተዋላችሁ የተውኔቱን ግማሽ ተረድታችኋል።

ሁሉም ትራጄዲ በአፈ ታሪክ ላይ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ከደረሱን መካከል ቀዳሚው፣ በ472 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቀረበው የጸሐፌ ተውኔቱ የኤስኪለስ «ፋርሳውያን»፣ የሚተርከው ከስምንት ዓመት በፊት የተደረገውን የሳላሚስን የባሕር ጦርነት ነው፤ ያውም በተሸናፊዎቹ በፋርሶች ወገን ሆኖ።

ደረጃ 2፦ መድረኩን በዓይነ ሕሊናችሁ ሥሩ

ጨለማ አዳራሽና የመብራት ጨዋታ እርሱ። ቦታው የአክሮፖሊስ ደቡባዊ ተዳፋት ነው፤ ጊዜው የጸደይ ወራት፣ የዲዮኒሶስ ዓመታዊ በዓል ነው፤ ጨዋታው የሚቀርበው በጠራራ ፀሐይ፣ ጣሪያ በሌለው ቲያትር ነው። ለውድድሩ የሚመረጡት ጸሐፌ ተውኔቶች ሦስት ናቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጄዲና አንድ ቀልድ የበዛበት የማሳረጊያ ተውኔት ያቀርባሉ። የዘማሪዎቹን ወጪ የሚሸፍነው መንግሥት የመደበው ሀብታም ዜጋ ነው፤ ዳኞች አሉ፤ ሽልማትም አለ። ዛሬ የትራጄዲ ቁንጮ የሚባለው «ንጉሥ ኦዲፐስ» የተካተተበት ዝግጅት በዚያ ውድድር ተሸንፏል። ያሸነፈው ፊሎክልስ የተባለ የኤስኪለስ የእኅት ልጅ ነበር። ከእሱ ሥራዎች አንድም ሙሉ ተውኔት አልደረሰንም።

ለአንባቢ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ግን የተዋንያኑ ቁጥር ነው። ፈላስፋው አርስቶትል እንደሚነግረን ሁለተኛውን ተዋናይ ያመጣው ኤስኪለስ ነው፤ ሦስተኛውን የጨመረው ሶፎክልስ ነው። ከሦስት በላይ ተናጋሪ ተዋናይ የለም፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ጭምብል ያጠልቃሉ። አንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ቤት ሲገባ ተዋናዩ ጭምብል ቀይሮ ሌላ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ላይ ሦስት ሰው ካያችሁ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሦስተኛው ዝም ብሎ ምን እየሰማ እንደሆነ ጠይቁ። ኋላ እንደምናየው የዚህ ተውኔት እጅግ አስፈሪው ቅጽበት አንዲት ሴት ዝም ብላ የምትሰማበት ነው።

ከሦስቱ ተዋንያን ሌላ ኮረስ አለ፤ በሶፎክልስ ዘመን አሥራ አምስት ሰዎች ያሉት፣ ከመድረኩ ፊት ባለው ክብ ሜዳ ላይ የሚዘፍንና የሚጨፍር ቡድን ነው። እዚህ ተውኔት ላይ የቴብስ ሽማግሌዎች ሆነው ነው የሚመጡት።

ደረጃ 3፦ ተውኔቱን በእርሳስ ከፋፍሉ

በገቢር አትፈልጉት፤ የለውም። የሚከፋፍሉት ዘፈኖቹ ናቸው። መቅድሙ ከስንኝ 1 እስከ 150 ነው፤ ቀጥሎ ኮረሱ እየዘፈነ ይገባል (እስከ 215)። ከዚያ ንግግርና ዘፈን እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። አራት የንግግር ክፍሎችና አራት ዘፈኖች ታገኛላችሁ። ከ1223 ጀምሮ ያለው መውጫው ነው። በየዘፈኑ መጀመሪያና መጨረሻ መስመር አስምሩ። እንዲህ ካደረጋችሁ ሶፎክልስ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚጨምር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ሁለተኛው የንግግር ክፍል 350 ስንኝ ሲፈጅ እውነቱ የሚፈርጥበት አራተኛው 76 ስንኝ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ የእውቀት መዝገብ ያዙ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ገጸ ባሕርዩ በእርግጥ የሚያውቀውን፣ በሁለተኛው አውቃለሁ ብሎ የሚያምነውን፣ በሦስተኛው እናንተ የምታውቁትን ጻፉ። በየክፍሉ መጨረሻ ቆም ብላችሁ አድሱት።

ከመቅድሙ እንጀምር። ቸነፈር ገብቷል፤ ሕዝቡ ንጉሡ ደጅ ተቀምጦ ያለቅሳል። የዮካስታ ወንድም ክሪዮን ከዴልፊ መልስ ይዞ ይመጣል፤ የላይዮስ ገዳይ አገር ውስጥ አለና ይውጣ። ኦዲፐስ ገዳዩን በአደባባይ ይረግማል፤ እያወቀ በገዛ ቤቱ አስጠልሎት ከተገኘም እርግማኑ በራሱ ላይ እንዲሆን ይምላል። ቆየት ብሎ ለላይዮስ «ለገዛ አባቴ እንደምዋጋ» እዋጋለሁ ይላል (264)። በመጀመሪያው ዓምድ ምንም የለም፤ ሦስተኛው ሞልቷል። ምጸት የሚባለው በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለው ይህ ርቀት ነው።

ቀጥሎ ዕውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ ይመጣል። እሱ ሁሉን ያውቃል፤ መናገር ግን አይፈልግም። ኦዲፐስ ሲያስጨንቀውና ሲዘልፈው «የምትፈልገው ገዳይ አንተ ነህ» ይለዋል (362)። ተውኔቱ ሩቡን እንኳ በቅጡ ሳያልፍ ምስጢሩ በግልጽ ቋንቋ ተነገረ! አብዛኛው አንባቢ እዚህ ላይ ኦዲፐስን «እንዴት አይገባውም?» ብሎ ይታዘበዋል። መዝገቡን ተመልከቱ። ኦዲፐስ አባቱ ፖሊቦስ እንደሆነ «ያውቃል»። ነቢዩን ያስጠራው በክሪዮን ምክር ነው፤ ኦዲፐስ ከወደቀ ዙፋኑ የሚደርሰውም ለክሪዮን ነው። ስፊንክስ ከተማዋን ስታስጨንቅ ይኸው ነቢይ እንቆቅልሹን አልፈታም። ባለው መረጃ ሲመዘን ሴራ መጠርጠሩ የሞኝ ሥራ አይደለም። ተሳስቷል፤ ግን እንደ አስተዋይ ሰው ነው የተሳሳተው።

ዮካስታ ባሏን ለማጽናናት ትገባለች። ትንቢት የሚታመን አይደለም ትለዋለች፤ ላይዮስ በልጁ እጅ ይሞታል ተብሎ ነበር፣ የገደሉት ግን ሽፍቶች ናቸው፣ ሦስት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ። ኦዲፐስ ከማጽናኛው ውስጥ የሰማው የመጨረሻዋን ሐረግ ብቻ ነው። መልኩ ምን ይመስል ነበር? ስንት ሰው አስከትሎ ነበር? እያለ ይጠይቃል። ተስፋው በአንድ ቁጥር ላይ ይንጠለጠላል። ከግድያው የተረፈው አገልጋይ «ሽፍቶች» ብሏል፤ ኦዲፐስ ግን ብቻውን ነበር። «አንድ ከብዙ ጋር እኩል ሊሆን አይችልም» ይላል (845)። ያ አገልጋይ ይጠራ።

እሱ ሳይደርስ ከቆሮንቶስ መልእክተኛ ይመጣል። ፖሊቦስ በእርጅና ሞተ፤ ኦዲፐስ ሊነግሥ ነው። ዮካስታ ደስ አላት። ኦዲፐስ ግን እናቱን ሜሮፔን አሁንም ይፈራል። ደጉ መልእክተኛ ፍርሃቱን ሊያስወግድለት «እነሱ እኮ አልወለዱህም፤ ከእረኛ ተቀብዬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» ይለዋል። አርስቶትል «ፖኤቲክስ» በሚባለው ድርሰቱ የታሪክ መገልበጥን ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው ይህንን ቦታ ነው፤ ሰውየው ሊያስደስት መጥቶ ተቃራኒውን አደረገ።

አሁን ዓይናችሁን ከኦዲፐስ ላይ አንሡና ዮካስታን ተመልከቱ። ሁለቱ ወንዶች ስለ ተበሱ ቁርጭምጭሚቶች ሲያወሩ እሷ ቆማ ትሰማለች። ሶፎክልስ አንድ ቃል አይሰጣትም። ሁሉ ነገር የገባት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ስትናገር ምርመራውን እንዲተው ትለምነዋለች፤ አልሰማ ሲላት «ማን እንደሆንክ በጭራሽ አትወቅ» ብላ (1068) ወደ ቤት ትገባለች። ኦዲፐስ የባሪያ ልጅ ሆኜ እንዳላሳፍራት ፈርታ ነው ብሎ ያስባል። ኮረሱም ይህንኑ ተቀብሎ ምናልባት ንጉሣችን የአማልክት ልጅ ይሆናል እያለ በደስታ ይዘፍናል። በመዝገባችሁ ውስጥ የዮካስታ ዓምድ ሞልቶ የኦዲፐስ ባዶ የሆነበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌው እረኛ ይመጣል። ሕፃኑን እንዲጥል የተላከው ሰውና ከግድያው የተረፈው ምስክር አንድ ሰው ናቸው። ሶፎክልስ ለዚህ ብሎ ሁለት ሰው በአንድ አጣምሯል። ሲጠራ የተፈለገው «ሽፍቶቹ ስንት ነበሩ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ነበር። ጥያቄውን ፈልጉ፤ አታገኙትም። ማንም አልጠየቀውም። አንዱ ጥያቄ ሌላውን ዋጠው፤ ግድያውም እግረ መንገዱን ተረጋገጠ።

ደረጃ 5፦ ጀግናውን በሦስት ጥያቄ መርምሩ

አርስቶትል ስለ ትራጄዲ ጀግና ያለው አጭር ነው፤ ፍጹም ጻድቅ ያልሆነ፣ ክፉም ያልሆነ፣ በክብርና በሀብት የኖረ፣ በክፋት ሳይሆን በስሕተት የሚወድቅ ሰው ነው። ትዕቢት የውድቀት ምክንያት ነው የሚል ሕግ «ፖኤቲክስ» ውስጥ የለም፤ ኋላ ሰዎች የጫኑበት ነው። እኔ ሦስት ጥያቄ ይበቃኛል።

ሳያውቅ ምን አደረገ? ገደለ፤ አገባ። ግድያው ላይ ቁጣው አለበት የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት አለው። ሽማግሌው ጭንቅላቱን መትቶታል፤ እሱም ከተቀበለው በላይ እንደመለሰ ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ቁጣው ያን ሰው አባቱ አላደረገውም።

እያወቀ ምን መረጠ? ምርመራውን። ክሪዮን የዴልፊን መልስ ቤት ገብቼ ልንገርህ ሲለው በሕዝብ ፊት ተናገር ያለው ኦዲፐስ ነው። ቲሬሲያስ ተወኝ አለው፤ ዮካስታ ተው አለችው፤ እረኛው ለመነው። እረኛው አስፈሪውን ቃል ልናገር አፋፍ ላይ ነኝ ሲለው እኔም ልሰማ አፋፍ ላይ ነኝ፣ መስማት ግን አለብኝ ብሎ ይመልስለታል (1169–1170)። የሚያጠፋው ነገር ከተማውን የሚያድነው ያው ነገር ነው፤ የተጀመረን እንቆቅልሽ ሳይፈታ አለመተው። ይህን ጉድለት ካልነው በጎነት የምንለው ምን ሊቀረን ነው?

ካወቀ በኋላ ምን አደረገ? ዮካስታ ታንቃ ሞታ ባገኛት ጊዜ ልብሷ የተያያዘበትን የወርቅ መርፌ ነቅሎ ዓይኖቹን ይወጋል። ይህ በመድረክ አይታይም፤ መልእክተኛ ወጥቶ ይተርከዋል፤ የግሪክ ትራጄዲ ግፍን በጆሮ ማሰማት ይመርጣል። ኮረሱ ማን አነሣሣህ ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ተውኔቱ ሁሉ የተጠቀለለበት ነው፤ መከራዬን ያመጣው አፖሎ ነው፣ የመታው እጅ ግን የራሴ ነው (1329–1332)። ዕጣና ፈቃድን «ይሄ ወይስ ያ» ብሎ የሚከራከር ሰው እነዚህን አራት ስንኞች ደጋግሞ ያንብብ።

መለኪያው በሌሎች ላይ ሲሞከር የተለያየ መልስ ይሰጣል። በሶፎክልስ ሌላ ተውኔት «አንቲጎኔ» ውስጥ ያለው ክሪዮን እየተመከረ፣ እየተነገረው የሚያጠፋ ገዢ ነው፤ ዘግይቶ ይጸጸታል። የሌላው ጸሐፌ ተውኔት የዩሪፒደስ «ሜዲያ» ደግሞ ልጆቿን ልትገድል ስትል ክፉ እንደምታደርግ አውቃ ነው፤ በመጨረሻም በፀሐይ ሠረገላ ታመልጣለች። የአርስቶትልን ቀሚስ በግድ አታልብሷት።

ደረጃ 6፦ ኮረሱን አትዝለሉት፣ አትመኑትም

ዘፈኖቹን የሚዘል አንባቢ ብዙ ነው። ከዚያ የከፋው ግን ኮረሱ ያለውን ሁሉ የደራሲው ሐሳብ አድርጎ የሚጠቅስ ነው። ሽማግሌዎቹ ከእናንተ ያነሰ ነው የሚያውቁት፤ የደስታ ዘፈናቸውን አይተናል። ለእነሱም በመዝገቡ ላይ ቦታ ስጧቸው። ሁለተኛውን ዘፈን (863–910) ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ትንቢት ከሐሰት ከተቆጠረ፣ ክፉ ሥራ ከተከበረ «ስለ ምን እጨፍራለሁ?» ይላሉ። ይህን የሚጠይቁት በአምላክ በዓል ላይ እየጨፈሩ ነው።

«ሐዘንና ፍርሃት አጥቦ ያነጻል» ስለሚባለው ነገር ብዙ አትጨነቁ። አርስቶትል ለትራጄዲ ትርጓሜ ሲሰጥ በአንድ ሐረግ ጠቅሶት አልፏል፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ያዘናችሁት ለማን እንደሆነ፣ የፈራችሁት ምን እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፉ፤ ለመነሻ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ መዝገቡን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ

ሶፎክልስ ከመቶ ሃያ በላይ ተውኔት ጽፏል፤ ሙሉ ሆነው የደረሱን ሰባት ናቸው። የኤስኪለስም ሰባት ናቸው፤ ከዩሪፒደስ አሥራ ዘጠኝ ደርሰውናል፤ ከሁለቱ ስም ሥር አንድ አንዱ ግን የእነሱ መሆኑ ያጠራጥራል። ቀጥሎ «አንቲጎኔ»ን አንብቡ። የኦዲፐስ ልጅ ታሪክ ቢሆንም የተጻፈው ቀደም ብሎ ነው (ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ)። «ኦዲፐስ በኮሎኖስ» ደግሞ የቀረበው ሶፎክልስ ከሞተ በኋላ በ401 ነው። ሦስቱ ተከታታይ ሥራ አይደሉም፤ በአንዱ ያለውን ክሪዮን ከሌላው ጋር አታስታርቁት። ሙሉ ሆኖ የደረሰን ባለ ሦስት ክፍል ሥራ የኤስኪለስ «ኦሬስቴያ» (458) ብቻ ነው። በግድያ ጀምሮ በፍርድ ቤት ነጻ መውጣት ያበቃል፤ «ትራጄዲ ማለት መጨረሻው ሞት ነው» ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዩሪፒደስ በ412 ያቀረበውን «አንድሮሜዳ» ቢያገኝ ደስ ባለው፤ የባሕር አውሬ እንዲበላት በዐለት ላይ የታሰረች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ሰፊና ድንበሩ ያልለየ ደቡባዊ ምድር ነበር። ተውኔቱ ጠፍቷል፤ ቁርጥራጭ ብቻ ነው የቀረው። በእጃችን ያለው ግን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ተውኔት «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ነው። እዚያም ትንቢት አለ፤ የበኩር ልጅ ይሠዋ ይላል። ባለታሪኩ ሻንካ ልጅ እንዳይወለድ ሲል ሙሽራዪቱን አይነካትም። ላይዮስ የተወለደውን ሊያስወግድ ሞከረ፤ ሻንካ እንዳይወለድ ሊያደርግ ሞከረ። ሦስቱን ዓምዶች አዘጋጁና የመጀመሪያውን ስም ሻንካ ብላችሁ ጻፉ።